በባዶ እግር የተለካ ታንኳ

ታንኳ እሠራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ጅማ ላይ ምን ሐይቅ አለና? ያለችን ወንዝ አዌቱ ናት፤ እሷም በጋ ላይ ፌስታልና ጠርሙስ ከመግፋት በቀር ሌላ ነገር የመሸከም አቅም የላትም። የሚስቅብኝን ሰው አልቀየምም። መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሠራ የኖርኩት የባጃጅ ፓራፋንጎ፣ የውሃ ታንከርና የተሰነጠቀ የሚኒባስ ፊት ነው። ፋይበር ግላስ የሚባለውን ነጭ ጨርቅ በሬዚን አርሳለሁ፣ ሲደርቅ እፍቃለሁ፣ ከዚያ ክንዴን አካለሁ። ብናኙ ስለሚያሳክክ ሚስቴ የሥራ ልብሴን ከሌላው ልብስ ጋር አታጥበውም።

የታንኳውን ሐሳብ ያመጣብኝ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ የመጣ አንድ ልጅ ነው። ልጅ የምለው ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ስፖርት ተምሮ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ የሰው ባጃጅ ይነዳ ጀመር። ከዚያ በፊት ወንዝ ሊቀዝፉ ለሚመጡ ፈረንጆች ዕቃ ይሸከም ነበር፤ ሲሸከም ሲሸከም መቅዘፉንም ለመደው። መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣው የተሰበረ ፓራፋንጎ ሊያስጠግን ነው። እስኪደርቅ ሲጠብቅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰው ትንሽ ታንኳ ውስጥ ተንበርክኮ፣ አንድ መቅዘፊያ ብቻ ይዞ፣ በድንጋይ መሀል በሚንተከተክ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል።

"ጋሼ፣ ይቺን ትሠራልኛለህ?" አለኝ።

"ይሄ ሰውዬ ምን አጥቶ ነው?"

"ምንም አላጣም። ደስ ብሎት ነው።"

"ደስ ካለው ለምን ይንበረከካል?"

ሳቀ። ከዚያ በቁም ነገር ያስረዳኝ ጀመር። ፈረንጆቹ ጀልባቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ይዘው ይመለሳሉ፤ ወንዙ የእኛ፣ መውረጃው የእነሱ ነው አለ። እዚሁ የተሠራ ታንኳ ቢኖር ግን በቡናው ጫካ ውስጥ ባሉት ጅረቶች እንግዳ ማውረድ፣ የሰፈሩንም ወጣት ማስተማር ይቻላል፤ እሱም ከሰው ባጃጅ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፓራፋንጎ የሠራ ሰው ሌላ ቅርፅ ሲያሳዩት ጆሮው ይቆማል።

እንዲህ ያለ ታንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እየሠራሁ፣ እየተሳሳትኩ፣ እያፈረስኩ ነው የነደፍኩት። ባሕር ዛፍ ሰንጥቄ አጥንቱን አቆምኩ፣ ጆንያ አለበስኩት፣ በጄሶ መረግሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ፋይበሩ እንዳይጣበቅበት የወለል ሰም ቀባሁት። ፎርማው ይሄ ነው። ፋይበሩ በላዩ ይለበጥና ሲደርቅ ይላቀቃል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ በአንድ ሰዓት መድረቅ የነበረበት ልባጥ ቀኑን ሙሉ እጅ ላይ ሲጣበቅ ይውላል።

የመጀመሪያው ታንኳ አራት ሜትር ሆነ። ለሰፊ ወንዝ ደህና ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታጠፍ ሲሉት ግን አይሰማም። ለጠባብ ጅረት ሌላ ያስፈልግ ነበርና አጠር ያለ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ሙዝ ሽቅብ የተቆለመሙ ነደፍን። አፍንጫውን ድንጋይ መሀል እንዳይሰካ ድቡልቡል አደረግሁት። ፎርማውን ሦስት ጊዜ አፍርሼዋለሁ። ልጁ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጥምዝምዙን ያይና "ትንሽ ከኋላ ጋሼ፣ ትንሽ" ይለኛል። እኔ እየተነጫነጭኩ እፍቃለሁ። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ያህል በዚህ አለፈ፤ የባጃጅ ደንበኞቼ ተማረሩብኝ።

መጨረሻ ላይ የቀረው መቀመጫው ነበር። እንዲህ ያለ ታንኳ ላይ ቀዛፊው ይንበረከካል፤ ዳሌውን ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ያሳርፍና እግሮቹን ከአግዳሚው ሥር ወደ ኋላ ይሰዳል። ውሃ ሲገለብጠው እግሩን መዞ መውጣት አለበት። ከአግዳሚው ሥር ያለው ክፍተት ከጠበበ እግር ይይዛል። ከሰፋ ደግሞ አግዳሚው ከፍ ይልና ታንኳው ይወላገዳል። ስለዚህ ልኩን ከሰውየው አካል ላይ መውሰድ ነበረብኝ።

"እንዴት ብትንበረከክ ነው ብዙ ሰዓት የማይደክምህ?" አልኩት።

"ሶላት ላይ እንደምቀመጠው" አለ፣ ሳያስብ። "ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ፣ እንዴት ይደክመኛል?"

ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ደርሶ ስለነበር መስገጃውን ጥግ ላይ አንጥፎ ሰገደ። ሲጨርስ "አሁን ለካ" ብሎ ሁለቱንም እግሩን ወደ ኋላ አንጥፎ እንደተቀመጠ ቆየልኝ። ከኋላው ቁጢጥ ብዬ ከመሬት እስከ ተረከዙ ለካሁ። ኪሴ ውስጥ ሜትር እያለ በጣቴ ነው የለካሁት፤ ልማዴ ነው። አራት ጣት ሆነ። ለመንቀሳቀሻ አንድ ጣት ጨምሬ አምስት አደረግሁት።

ባዶ እግሩን ነበር። መስገጃ ላይ ማን በጫማ ይወጣል? እኔም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማዬን እያወለቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ባዶ እግር ምንም አልመሰለኝም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ጫማ የሚባል ነገር ትዝ አላለንም። አንድ ፈረንጅ ቢለካው ኖሮ መጀመሪያ "ጫማህ የታለ?" ይለው ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

አጭሩን ከተማው ዳር ቦዬ ካለው የረጋ ውሃ ላይ ሞከርነው። ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ልጁ ጫማ አላደረገም። ያንኑ አግዳሚ የገጠምንለትን ረጅሙን ታንኳ ጎጀብ ወንዝ ድረስ ጭነን ሄድን፤ እዚያም ያገኘነው ቦታ አሸዋ ነበርና በባዶ እግሩ ቀዘፈ። ሆን ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ተገለበጠ፤ በየጊዜው እየሳቀ ሾልኮ ወጣ። "አግዳሚው ግሩም ነው ጋሼ" አለኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምናገረው ደስታ ምን እንደሚመስል ስለማስታውስ ነው እንጂ አሁን ስለሚሰማኝ አይደለም።

የልጁ አባት ከሰቃ ወጣ ብሎ ቡና ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ከቡናቸው ማሳ ሥር የሚወርድ ድንጋያማ ጅረት አለ፤ ልጁ ለአጭሩ ታንኳ የመረጠው እሱን ነበር። "እዚያ ውስጥ ከብት እንኳ አይገባም" አሉት እኔ ባለሁበት። "ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ተው።" ልጁ "ኢንሻአላህ አባ" አለ። ኢንሻአላህ ማለት እሺ ማለት እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጀመረና ጅረቱ ሞላ። እንድንሄድ የወሰንነው ቀን ደመና ነበር። ድንጋዩ ስለታም ነውና ልጁ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሸራ ጫማ አጠለቀ። ማሰሪያውን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። "ጎበዝ፣ እግርህን አዳንክ" አልኩት። እንዲያ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁልቁለቶች አሳምሮ ወረደ። ታንኳው የነደፍነውን ያህል ይታጠፋል፤ ጫፉ ድንጋይ ሲነካ ይንሸራተትና ያልፋል። ሦስተኛው ላይ ተገለበጠ። ወዲያው ይወጣል ብዬ ቆምኩ። አልወጣም። የታንኳው ሆድ ብቻ ይታየኛል። ምናልባት ብዬ ዳር ላይ የያዝኩትን መጎተቻ ገመድ ጥዬ ገባሁ፤ ውሃው እስከ ደረቴ ነበር። ታንኳውን ስገለብጠው ልጁም አብሮ ተገለበጠ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ግራ እግሩ ከአግዳሚው ሥር ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ጎትቼ ሳወጣው ቁርጭምጭሚቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወይ ቀድሞ ተሰብሮ ነበር፣ ወይ እኔ ነኝ የሰበርኩት፤ ይህን አላውቅም።

ጩኸቴን ሰምተው ከማሳው ሰዎች መጡ፤ አባትየውም መጡ። ልጁ ውሃ ሲያስመልስ ቆይቶ መናገር ሲችል መጀመሪያ ያለው "የእኔ ጥፋት ነው አባ" ነው። "ጋሼ ቶሎ ውጣ ብሎኝ ነበር፤ ዘገየሁ።" እንዲህ ያለ ነገር አላልኩትም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው የተናገረው። አባትየው ልጃቸውን አላዩትም። ወደ እኔ ዞረው የራሰ ትከሻዬን ሳሙ። "ልጄን አወጣህልኝ" አሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ የልጁን ጫማ ከተሰበረው እግሩ ላይ መፍታት ያዝኩ።

በሳምንቱ ታንኳውን አስጭኜ ወደ ቤት ካመጣሁት በኋላ ያን ቀን ታንኳው ውስጥ የቀረውን የልጁን ሸራ ጫማ ከአግዳሚው ሥር አስገባሁት። ሲገባ ይገባል፣ ገፋ ካደረጉት። ሲወጣ ግን ተረከዙ ይያዛል። አንድ ጣት ተኩል ይጎድለው ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያዘ። ከዚያ ግራይንደሬን አነሳሁና አግዳሚውን ከሥሩ ቆረጥኩት። ሰው እንዳያየው ነው የቆረጥኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ቁራጩን ከፋይበር ፍርፋሪ ጋር ጆንያ ውስጥ ከትቼ ጣልኩት።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም። ሐዘን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ፓራፋንጎ እሠራለሁ፣ ምሳ እበላለሁ፣ ሚስቴ ስትጠይቀኝ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ሬዚን ክንዴ ላይ ፈሶ ሲያቃጥለኝ ቆሜ አየሁት። "ምን ሆነሃል አንተ ሰው?" አለችኝ ባለቤቴ፣ እየሮጠች ጨርቅ ስታመጣ። ምንም አልሆንኩም አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ሰቃ እሄዳለሁ። እግሩ ገጥሟል፣ ግን ጠማማ ሆኖ ነው። ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍምና ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሰግደው። አባትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግሩትም። ተው ያሉትን አልሰማ፣ ጥፋቱንም በራሱ አፍ በሰው ፊት ተናግሯል፤ ለእሳቸው ነገሩ ያለቀ ነው። የሚፈልጉትን በእህቱ በኩል ያስነግራሉ። "ምሳው ቀርቧል በይው" ይላሉ፣ ልጁ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ። እኔን ግን ከመሀል ያስቀምጡኛል፤ ሻይ ይቀዳልኛል፤ ስመለስ ማር ወይ አቮካዶ ያስይዙኛል። ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ "ይሄ ነው ያወጣልኝ" ይላሉ። ማሩን እቀበላለሁ። ቤቴ ወስጄ በዳቦ እበላዋለሁ፤ ይጣፍጣል እንኳ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል። እኔ ግን በየቅዳሜው "ዛሬ እነግራቸዋለሁ" እላለሁ፣ ማታ "ለሚቀጥለው" እላለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ቱሪስት የሚያመላልስ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። የአጭሩን ታንኳ ፎቶ ስልክ ላይ አይቶ ነው። ፎርማውን እየዞረ ደባበሰው፣ ጫፎቹን አደነቀ፣ ሦስት እንድሠራለት ጠየቀኝ። "መቀመጫውም እንደዚያው ይሁን" አለ። ከዚያ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ "አንድ አደጋ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ የታንኳው ችግር ነው እንዴ?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩ። "የልጁ ስህተት ነው። ዘገየ።"

እስከዚያ ቀን ዝም ብዬ ነበር እንጂ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም፣ አስቤበት ነው ያወጣሁት። ከታዘዙት ከሦስቱ የመጀመሪያውን ታንኳ መቀመጫ ልሥል እርሳስ አነሳሁ። ክፍተቱ ስንት ይሁን? ሰባት ጣት ብጽፍ ስህተቴን ማመኔ ነው። አምስት ብጽፍ ሰው መግደሌ ነው። ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ብናኝ ሸፈነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ ቅዳሜ ባልሆነ ቀን፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሰቃ ሄድኩ። ልጁ ብቻውን በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት፤ ስለ ልኩ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ቆረጥኩት አግዳሚ። የዘረጋውን እግሩን እያየ ሰማኝ።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ። "እግሬ ሲያዝ እኮ እዚያው ውስጥ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን የእኔ ጥፋት ነው አልክ?"

"አባቴ እኔን ቀድሞም ተቆጥቶኛል፣ አንድ ቢጨመርብኝ ምን አለ ብዬ። አንተን ግን እዚያው ድንጋይ ላይ እንዳይጣላህ ፈራሁ።" ጉልበቱን አሻሸ። "ደግሞ ነገሩ አንድ ሁለት ቀን ብቻ የሚቆይ ነበር የመሰለኝ። አንተ ራስህ ትነግረዋለህ ብዬ ነበር።"

"ነበር" ነው ያለው፤ ካሁን በኋላ አይጠብቀኝም።

"ለእኔ አትንገረኝ" አለ። "አባቴ ከጓሮ ነው ያለው።"

አባትየው ከቤቱ ጀርባ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅሙ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ታኢ" አሉኝ፣ በርጩማ እየጎተቱ፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። አልተቀመጥኩም። በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ኦሮምኛዬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልቀና ነውና ነገር ማለስለስ አልችልበትም፤ አጭር አጭር አድርጌ ነው የተናገርኩት። ልጅዎ አልዘገየም። እግሩን የያዘው እኔ የሠራሁት መቀመጫ ነው። ባዶ እግሩን ለካሁ፣ ጫማ አላሰብኩም። ቶሎ ውጣም አላልኩትም። በሳምንቱ አውቄዋለሁ። ቆርጬ ጣልኩት።

እጃቸው ቡናው ላይ ቆመ።

"ምን ያህል ይጎድለው ነበር?" አሉ።

"አንድ ጣት ተኩል፣ አባ።"

ጣታቸውን አነሱና አዩት። ትልቅ፣ የጠቆረ ጣት ነው።

"ስህተትማ የሰው ነው" አሉ። "እኔም አንድ ዓመት ቡናው ሳይደርቅ ከምሬ ሙሉውን ሻግቶብኛል። የታንኳውን ይቅር ብዬሃለሁ።"

ተነፈስኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

"ስምንት ወር ልጄን አላናገርኩትም" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አንተ እያየህ። በየቅዳሜው እየመጣህ፣ በእኔና በእሱ መሀል ተቀምጠህ ሻይ እየጠጣህ።"

ስምንት ወር የጠበቅሁት ሐዘን ያኔ መጣ። የቡናውን አልጋ እንጨት ይዤ ነው የቆምኩት። እሳቸው ያንን ለማየት አልቆዩም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ በቤቱ ጥግ ዞረው ወደ በረንዳው ሄዱ። "ኢልማ ኮ" ሲሉ ሰማሁ። ልጄ። ከዚያ የሰው ለቅሶ ተሰማ፤ የአባት ይሁን የልጅ መለየት አልቻልኩም። ተደጋግፈው ወደ ቤት ሲገቡ የሚያነክሰው እግር ወለሉ ላይ ሲጎተት ይሰማኝ ነበር፤ በሩም ተዘጋ።

ቡናው አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ግባ ያለኝ ሰው አልነበረም።